የብስክሌት ትኬት የመኪና ኢንሹራንስ ላይ ሲመጣ፦ ከካሊፎርኒያ አንድ ጉዳይ

ባለ ጉዳዩ ካሊፎርኒያ የሚኖር፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ልጅ ነው። ስሙንም ከተማውንም እዘለዋለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ መጋዘን ይሠራል፤ ቅዳሜና እሁድ በራሱ መኪና ሰው ያመላልሳል። መጋዘኑ ለቤቱ ቅርብ ስለሆነ ሥራ የሚሄደው በብስክሌት ነው። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ፓርኪንግ ፍለጋ ከመዞርም ይድናል።

የመኪናው ኢንሹራንስ ማደሻ ደብዳቤ ሲደርሰው ዋጋው ከሩብ በላይ ዘሏል። አደጋ አላደረሰም። መኪና አልቀየረም። ቤት አልቀየረም። ሁለተኛው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ምክንያት በመንዳት መዝገቡ ላይ ለውጥ መኖሩን ይናገራል፤ ምን ዓይነት ለውጥ እንደሆነ ግን አይናገርም። ወረቀቱን ይዞ እኔ ጋ መጣ። ሰፈሩ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የደረሰው ሰው ማታ ማታ እኔን ማንኳኳት ለምዷል። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ፤ ሰዎቹ የበሉኝ መሰለኝ» አለኝ።

በዚያን ምሽት ስለ ብስክሌት ማንም ቃል አልተነፈሰም። የትራፊክ ቅጣት ትኬት እንዳለበት ጠየቅኩት። «አንድ ብቻ» አለ። ባለፈው ዓመት ፍሪዌይ ላይ በፍጥነት ተይዞ ነበር። ከፈለ፤ ትራፊክ ስኩል (ጥፋትን ከኢንሹራንስ ዓይን የሚደብቅ የመንዳት ትምህርት) ግን አልገባም። ያቺ አንድ ፖይንት፣ ማለትም የጥፋት ነጥብ፣ መዝገቡ ላይ እንዳለች ያውቃል። ነገር ግን ከዚያች ትኬት በኋላ ኢንሹራንሱ አንዴ ታድሷል፤ ያኔ የጨመረው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ስለዚህ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የካሊፎርኒያን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ግዛት ኢንሹራንስ ኩባንያ ዋጋ የሚያወጣው እንደፈለገው አይደለም። በ1988 ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ ያጸደቀው ፕሮፖዚሽን 103 የሚባል ሕግ አለ። የመኪና ኢንሹራንስ ዋጋ በዋነኛነት በሦስት ነገሮች ይወሰናል ይላል፦ በመጀመሪያ የመንዳት መዝገብ፣ ቀጥሎ በዓመት የሚነዳው ማይል፣ ከዚያ የመንዳት ልምድ። በዚያ ላይ «ጥሩ ሹፌር» ለሚባለው ሰው ቢያንስ 20 በመቶ ቅናሽ እንዲደረግ ያስገድዳል። ጥሩ ሹፌር ለመባል ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከአንድ ፖይንት በላይ አለመያዝ ነው።

ልብ በሉ፤ አንድ ፖይንት ይፈቀዳል። ሁለተኛዋ ስትመጣ ግን ቅናሹን ጠቅልላ ትሄዳለች። ለስሌት እንዲቀል ሙሉ ዋጋው 1,000 ዶላር ነው እንበል። ጥሩ ሹፌር 800 ይከፍላል። ቅናሹ ሲነሳ 1,000 ይሆናል። የተነሳው ቅናሽ 20 በመቶ ነው፤ ከፋዩ ኪስ ላይ የሚያርፈው ጭማሪ ግን 25 በመቶ ነው። ሁለተኛዋ ፖይንት በራሷ የምትጨምረው ደግሞ አለ። የልጁ ደብዳቤ ላይ የነበረው ጭማሪ ከዚህ ስሌት ጋር ልክክ ይላል። እና ሁለተኛዋ ፖይንት ከየት መጣች?

የካሊፎርኒያ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድና የመንዳት መዝገብ የሚይዘው መሥሪያ ቤት) የራስን የመንዳት መዝገብ በኢንተርኔት በ2 ዶላር ይሰጣል። ወዲያው አወጣነው። ሁለት መስመር ጥፋት አለበት። የመጀመሪያው ፍጥነቱ ነው፤ ቀኑ፣ የሕጉ ቁጥር፣ የፍርድ ቤቱ መለያ፣ መጨረሻ ላይ የመኪናው ታርጋ። ሁለተኛው መስመር የሕግ ቁጥር 22450 ይላል፤ ስቶፕ ሳይን ላይ አለመቆም ማለት ነው። የታርጋው ቦታ ባዶ ነው።

ልጁ ቀኑን ደጋግሞ አየው። «ይቺ እኮ የሳይክሏ ናት!» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎህ ሲቀድ ወደ ሥራ ሲሄድ አንድ መስቀለኛ መንገድ አለ። ስቶፕ ሳይን አለው፤ በዚያ ሰዓት ግን ዝር የሚል መኪና የለም። ቀዝቀዝ ብሎ ግራ ቀኝ አይቶ አለፈ። እግሩ መሬት አልነካም። ጥግ ላይ የቆመ ፖሊስ አስቆመው፣ መታወቂያ ጠየቀው፣ ልጁም ከቦርሳው ያገኘውን መንጃ ፈቃድ ሰጠ። ትኬት ተጻፈለት፣ ፈረመ። ከሳምንታት በኋላ የፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ በፖስታ መጣ። የገንዘቡ መነሻ ትንሽ ነው፤ የግዛቱና የካውንቲው ተጨማሪዎች ሲደራረቡበት ወደ 200 ዶላር ሆነ። ተናደደ፣ በኢንተርኔት ከፈለ፣ ረሳው።

ፖሊሱ ትኬት መስጠቱ ስህተት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይከራከራል፤ እኔ ግን ክርክሩ የትም የሚያደርስ አይመስለኝም። የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ ቁጥር 21200 መንገድ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው የመኪና ሹፌር ያለው መብት አለው፣ የሹፌር ግዴታም አለበት ይላል። ስቶፕ ሳይን ለብስክሌትም ስቶፕ ሳይን ነው። አይዳሆ ከ1982 ጀምሮ ብስክሌተኛ ስቶፕ ሳይንን እንደ «ቅድሚያ ስጥ» ቆጥሮ እንዲያልፍ ትፈቅዳለች። ካሊፎርኒያም ተመሳሳይ ሕግ በ2021 በምክር ቤቷ አሳልፋ ነበር፤ ገዥው ጋቪን ኒውሰም ሳይፈርሙበት መለሱት። ስለዚህ ልጁ ጥፋተኛ ነው፤ ቅጣቱም የሱ ነው።

ፖይንት ግን ሌላ ነገር ነው። ስለ ፖይንት የሚያወራው ቁጥር 12810 የሚቆጥረው በሞተር ተሽከርካሪ የተፈጸመ ጥፋትን ነው። ብስክሌት ሞተር ተሽከርካሪ አይደለም። ከዚያም በላይ ቁጥር 1803 አለ። ይህ ሕግ ፍርድ ቤቶች የትራፊክ ጥፋቶችን ለዲኤምቪ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ ማሳወቅ የማያስፈልጋቸውን ሲዘረዝር ግን በእግረኛነት ወይም ብስክሌት ሲነዱ የተፈጸሙ ጥፋቶችን በግልጽ ያስቀምጣል። ሁለት በር አለ ማለት ነው። መጀመሪያውኑ ወሬው ዲኤምቪ መድረስ አልነበረበትም፤ ቢደርስ እንኳ መቆጠር አልነበረበትም። የልጁ ትኬት ሁለቱንም በር አልፎ ገብቷል።

እንዴት ገባ የሚለውን ያገኘነው ትኬቱ ላይ ነው። ደግነቱ ልጁ ወረቀት አይጥልም። መኝታ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ከባንክ ደብዳቤ ጋር ተጣጥፎ ተገኘ።

በካሊፎርኒያ ለመኪናም ለብስክሌትም የሚጻፈው ትኬት አንድ ዓይነት ቅጽ ነው። ስለ ተሽከርካሪው የሚሞሉ ትንንሽ ሳጥኖች አሉት፤ ታርጋ፣ የተሠራበት ዓመት፣ ሠሪ፣ ሞዴል፣ ዓይነት፣ ቀለም። ፖሊሱ ታርጋው ላይ ሰረዝ አድርጓል። ዓመቱ ላይ ሰረዝ። ሠሪ የሚለው ላይ «ትሬክ» ብሎ ጽፏል። ቀለም፣ ጥቁር። ዓይነት የሚለው ሳጥን ባዶ ነው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ብታበጥሩት «ብስክሌት» የሚል ቃል የለበትም።

ብስክሌት የሚያውቅ ሰው ትሬክ የብስክሌት ሠሪ ስም መሆኑ ወዲያው ይገባዋል። ቀኑን ሙሉ ክምር ትኬት ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሰው ግን የሚያየው የሕጉን ቁጥር ነው። 22450 ለመኪናም ለብስክሌትም ያው ቁጥር ነው። የመንጃ ፈቃድ ቁጥሩ ከላይ ተጽፏል። የቀረውን ኮምፒውተሩ ጨረሰው፤ ልጁ ሲከፍል ጉዳዩ እንደ ጥፋተኝነት ተዘጋ፣ ሪፖርቱ ወደ ዲኤምቪ ሄደ፣ አንድ ፖይንት ተመዘገበ። ክፋት የሠራ ሰው አላየሁም። አንድ ቃል ብቻ ሳይጻፍ ቀርቷል።

መፍትሔው ላይ መጀመሪያ የተሄደው በተሳሳተ አቅጣጫ ነበር። ልጁ ለኢንሹራንሱ ደወለ። የዲኤምቪ መዝገብ የሚለውን ነው የምናነበው አሉት። ዲኤምቪ ደወለ። ፍርድ ቤት የላከልንን ነው የመዘገብነው፤ ፍርድ ቤቱ ካላረመው እኛ አንነካውም አሉት። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እሱ ግን እንደ ኳስ የሚቀባበሉት ስለመሰለው እጁን ሊሰጥ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ስህተቱ መጀመሪያ የተጻፈበትን ቦታ መፈለግ ነው። እዚህ ያ ቦታ ፍርድ ቤቱ ነበር።

ፍርድ ቤቱ መስኮት ላይ የሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚያ ስለሆነ። ልጁ «ይህን ትኬት መከራከር እፈልጋለሁ» አለ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ኮምፒውተሯን አየችና ጉዳዩ ተከፍሎ ተዘግቷል፣ መከራከሪያው ጊዜ አልፏል አለችው። በሕጉ ልክ ነች። ቅጣቱን ከፍሎ መዝጋት ጥፋትን እንደማመን ይቆጠራል። በዚህ መንገድ ቢቀጥል ወይ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ወይ የተዘጋ ፋይል የማስከፈት ረጅም ጣጣ ውስጥ ይገባል።

አብሬው ስለነበርኩ ጣልቃ ገባሁ። «ጥፋቱን አልካደም፤ ገንዘቡንም አይመልሱልኝ አላለም። የተመዘገበው ተሽከርካሪ ነው የተሳሳተው። ብስክሌት ላይ ነበር» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። የትኬቱን ምስል ከፈተች። «ታርጋ የለውም» አለች ለራሷ። ልጁ የብስክሌቱን መግዣ ደረሰኝ አወጣ፤ ትሬክ የሚለው ስም፣ ጥቁር ቀለሙና የብስክሌቱ ተከታታይ ቁጥር አለበት። የዲኤምቪ መዝገቡንም አስቀመጥን፤ አንደኛው መስመር ታርጋ ያለው፣ ሁለተኛው ታርጋ የሌለው። ሠራተኛዋ አለቃዋን ጠርታ አነጋገረች፣ አጭር የጽሑፍ ማመልከቻ አስሞላችው፣ የእርማት ሪፖርት ለዲኤምቪ እንደሚላክ ነገረችን። ዳኛ ፊት መቅረብ አላስፈለገም። የማመልከቻውን ቅጂ ማኅተም አስደርገን ወጣን።

ፍርድ ቤት ሄዶ «ይሰረዝልኝ» ማለትና «ይታረምልኝ» ማለት የሚያስገቡት ሌላ ሌላ ወረፋ ነው።

እስኪታረም ድረስ ከተጠየቅኩት

ወሬው ሰፈር ውስጥ ሲሰማ ጥያቄ መዓት መጣ። ከሁሉ የበዛው «መንጃ ፈቃዱን ባይሰጥ ኖሮ ከዚህ ሁሉ ይድን አልነበር?» የሚል ነው። እኔ ይህን ምክር አልወደውም። በካሊፎርኒያ ትኬት ሊጻፍበት የተያዘ ሰው ማንነቱን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ ካላቀረበ ፖሊሱ ይዞት ወደ ዳኛ ሊወስደው ይችላል። ፓስፖርት ያለው ፓስፖርት ሊያሳይ ይችላል፤ ሥራ በብስክሌት ሲሄድ ፓስፖርት የሚይዝ ሰው ካለ ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ ከመፈረም በፊት ትኬቱን አንብቦ «እባክዎ ብስክሌት ብለው ይጻፉበት» ማለት ይሻላል። ፖሊሶች ይህን ሲጠየቁ ቅር አይላቸውም። መፈረም ደግሞ ጥፋትን ማመን አይደለም፤ በቀጠሮው እገኛለሁ ወይም ጉዳዩን እጨርሳለሁ የሚል ቃል ነው።

ሌላው ትራፊክ ስኩል ነው። ለልጁ የመጣው የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ትራፊክ ስኩል መግባት ይችላሉ የሚል አማራጭ ነበረው። ያ አማራጭ ራሱ ትኬቱ እንደ መኪና ትኬት መያዙን የሚጠቁም ምልክት ነበር። ቢገባ ኖሮ ፖይንቷ ከኢንሹራንስ ዓይን ትደበቅ ነበር። ዋጋውም አይጨምርም፣ ስህተቱም አይታወቅም። ነገር ግን በካሊፎርኒያ ይህ ዕድል በ18 ወር አንዴ ብቻ ነው። ፖይንት ለማያመጣ የብስክሌት ትኬት ያቃጠለው ሰው ነገ በመኪናው ቢያዝ መሸሸጊያ የለውም። የትራፊክ ስኩሉ ክፍያ ደግሞ ከቅጣቱ ላይ ተጨማሪ ነው። ብስክሌተኞችን የሚመለከተው ሌላ ነው፤ በ2015 የወጣው ኤቢ 902 የሚባል ሕግ ከተሞች ለተቀጡ ብስክሌተኞች የደኅንነት ትምህርት አዘጋጅተው ቅጣቱን እንዲያቀሉ ይፈቅዳል። ሁሉም ከተማ ግን አላዘጋጀም።

«እንግዲያ ብስክሌት ላይ የሚሠራ ጥፋት መንጃ ፈቃድን ጨርሶ አይነካም?» ያለኝም አለ። ይነካል፤ በጥቂት ቦታ። ጠጥቶ ብስክሌት መንዳት በካሊፎርኒያ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ ቅጣቱ እስከ 250 ዶላር ነው። አጥፊው ዕድሜው ከ21 በታች ከሆነ ግን መንጃ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ሊታገድ ይችላል። ልጆች ያሏችሁ ይህቺን ያዙልኝ።

ሁለተኛው ነገር ኤሌክትሪክ ብስክሌት ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ እንደ ብስክሌት የሚቆጥረው ሞተሩ ከ750 ዋት ያልበለጠውን ነው፤ በሞተር እርዳታ የሚሄድበት ፍጥነትም እንደ ደረጃው በሰዓት 20 ወይም 28 ማይል ላይ ይቆማል። አሁን አሁን መንገዱን የሞሉት ግን ፔዳል የተለጠፈባቸው ሞተር ሳይክሎች ናቸው። ሻጩ ኢ-ባይክ ይበላቸው እንጂ ሕጉ አይላቸውም። በነሱ ላይ የተጻፈ ትኬት የሞተር ተሽከርካሪ ትኬት ነው፣ ፖይንት አለው፣ ተገቢው መንጃ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ ሌላ ክስ ይጨመርበታል። የዕቃ ማድረስ ሥራ ለምትሠሩ ይህ ቀልድ አይደለም።

ይህ ሁሉ የካሊፎርኒያ ነው። ሌላው ቦታ እንደየሕጉ ነው። ፔንሲልቬንያ የፖይንት ሕጓ ላይ ብስክሌት የሚነዳንና እንስሳ የሚጎትተው ጋሪ የሚነዳን ሰው በስም ለይታ ከፖይንት ነፃ አድርጋለች። መኪና የማይነዱት አሚሽ የሚባሉ የክርስትና ማኅበረሰብ ሰዎች በፈረስ ጋሪ ዋና መንገድ ላይ በሚሄዱበት ግዛት ሰረገላውን መጥቀሳቸው አይገርምም። ጀርመን ግን በተቃራኒው ነው። እዚያ ቀይ መብራት የጣሰ ብስክሌተኛ 60 ዩሮ ይቀጣል፤ አንድ ነጥብም ፍሌንስቡርግ ከተማ ያለው ማዕከላዊ መዝገብ ላይ ይጻፍበታል። መብራቱ ቀይ ከሆነ ከአንድ ሰከንድ በላይ ካለፈው 100 ዩሮ ይሆናል። ስምንት ነጥብ የሞላበት ሰው መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል። የሚገርመው፣ የጀርመን የመኪና ኢንሹራንስ ዋጋ የሚወጣው በነዚህ ነጥቦች አይደለም፤ ሰውየው ኢንሹራንሱን ሳያስከፍል በኖረበት ዓመት ብዛት ነው። ስለዚህ እዚያ የብስክሌት ጥፋት መዝገብ ይነካል፣ ኢንሹራንስ አይነካም። ፍራንክፈርት ያለ ዘመድ የሚሰጣችሁን ምክር ሎስ አንጀለስ ላይ አትሥሩበት።

መዝገቡ ሲጠራ

እርማቱ ወዲያው አልደረሰም። ልጁ በየሳምንቱ 2 ዶላር እየከፈለ መዝገቡን ሊያወጣ ሲል ከለከልኩት፤ ዲኤምቪ ጋ ደውሎ መጠየቅ በነፃ ነው። በመጨረሻ ሁለተኛው መስመር ጠፋ። ያኔ አዲሱን መዝገብ አውጥተን ከፍርድ ቤቱ ማመልከቻ ቅጂ ጋር ለኢንሹራንሱ ላክን። ደብዳቤው ላይ የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው፤ የጥሩ ሹፌር ቅናሹ እንዲመለስ፣ መመለሱም ከዛሬ ሳይሆን ውሉ ከታደሰበት ቀን ጀምሮ እንዲታሰብ። ይህቺ ሁለተኛዋ ካልተጻፈች ኩባንያው ከሚቀጥለው እድሳት ጀምሮ ብቻ ሊያስተካክለው ይችላል። ያለፈው ወር ገንዘብ ቀለጠ ማለት ነው።

የኢንሹራንሷ ወኪል ስልክ ላይ ጥሩ ሰው ሆና ተገኘች። እግረ መንገዷን አንድ ቁም ነገር ነገረችው። ብስክሌት ላይ እያለ ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ቢገጨው፣ መኪናው ላይ የገዛው ኢንሹራንስ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ሽፋን ካለ እሱን ለብስክሌቱ ሰዓትም ሊያስከፍልበት ይችላል። እሱ አጥፍቶ የሰው መኪና ቢጭር ግን የመኪናው ኢንሹራንስ አይደርስለትም፤ ያንን የሚመለከተው ቤት የተከራየበት ኢንሹራንስ ነው። ልጁ የኪራይ ኢንሹራንስ እንዳለው እንኳ አያውቅም ነበር። አከራዩ አስገድዶት ገዝቶ ኖሯል።

ቅናሹ ተመለሰ። ልዩነቱ በቼክ አልመጣም፤ ከቀጣዮቹ ወርኃዊ ክፍያዎች ላይ ተቀናነሰለት። የፍሪዌዩ ፖይንት ግን እንዳለች ናት። እንዲህ ያለች አንድ ፖይንት ዲኤምቪ መዝገብ ላይ የምትቆየው ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቀን አንስቶ ለ39 ወር ነው። ልጁ ቀኑን ቆጥሮ ስልኩ ላይ ሞልቶታል።